ያልሰጠሁት ደም

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ ሚስቴ አስካለ፣ ልጃችን ምሕረት፣ አማቴ እማማ ጫልቱ፣ እና እኔ። ሁለቱ አልፈዋል። ትናንት የወንድሜ ልጅ ዳዊት የእጮኛውን የደም ምርመራ ውጤት ይዞ ባይመጣ ኖሮ ነገሩን ባላነሳሁት። የእጮኛው እህት ልጅ ታሞ ቤተሰቧ ሁሉ ተመርምሯል።

«ጋሼ፣ አንተ ማንበብ ትወዳለህ፤ እስቲ እየው» አለኝ።

«የአንተስ የታለ?»

«እኔ ምን ሆኜ?»

ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነበር።

በደርግ ጊዜ መካኒሳ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛውን ከጋዜጣ፣ እንግሊዝኛውን ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለቅሜ ነው የተማርኩት። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ መጠየቅ ያሳፍረዋል።

ምሕረት አራት ዓመቷ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፤ ብርድ ሲመጣ እግሯን ይዛ ታለቅሳለች። ሐኪሙ የእናትም የአባትም ደም ይታይ አለ። አስካለ ሰጠች። እኔ አልሰጠሁም። «ደሙን የሚወስዱት ለግንባር ነው» የሚል ወሬ ነበረና እሱን ሰበብ አደረግሁ። እውነቱ ግን፣ ሞተር ብቻዬን የማወርድ ሰው ምን እንከን ይገኝብኛል ብዬ ነው። ደግሞም ስንጋባ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጥረው ዝምድና አላገኙብንም። ዘር ከተቆጠረ ደም የተመረመረ ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ነርሷ «ሐሙስ ሐኪሙ ያስረዳዎታል» አለችኝ። ሐሙስን አልጠበቅሁም። የሰኔ ዝናብ ጋራዡን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ እኔ ወረቀቶቹን ከመዝገበ ቃላቴ ጋር አስተያየሁ። በልጄ ወረቀት ላይ ሁለቴ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ፊደል በእናቷ ወረቀት ላይም አለ፤ አንዴ። አንዴና ሁለቴ መሆኑ ምን እንደሚል አልጠየቅሁም። ለምሳ ገብቼ፣

«በሽታው ከእናንተ ቤት ነው» አልኳት።

አስካለ የምታማስለውን ሽሮ አወረደች። «የአንተን ወረቀት አሳየኝና ጥፋቱን ተቀብዬ እወጣለሁ» አለች።

ወረቀት አልነበረኝም። ቢሆንም ወጣች። ልጇን አዝላ ከከተማው ዳር፣ ለቡ፣ እናቷ ዘንድ ሄደች። ለቡ ያኔ እርሻ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። የምሕረት የሐኪም ቤት ካርድ እኔ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ነሐሴ ላይ እማማ ጫልቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ጋራዡ ድረስ መጡ።

«አንተ የተማርከው» አሉኝ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ካርዱን ስጠኝ። ያለ ካርድ መለሱን። ልጅቷ ትተኩሳለች።»

ካርዱን ይዤ ተከትያቸው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ምሕረት አልጋ ያዘች። የላቦራቶሪው ሰው ወረቀቶቹን አይቶ «የእርስዎስ?» አለኝ። ክንዴን ዘረጋሁ።

ውጤቴ ሲደርስ አስቀምጦ አስረዳኝ። «ይህ የበሽታው ፊደል እርስዎ ላይ አንድ አለ፤ ሚስትዎም ላይ አንድ አለ። አንድ ያለበት ተሸካሚ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም። ልጅቷ ከሁለታችሁም ወሰደች። ቀይ ደሟ በየግድግዳው እንደሚሳለው ማጭድ ይጎብጥና ሥሯን ይዘጋል።»

«ዘር ቆጥረን ነበር» አልኩ።

«የቆጠራችሁት ዝምድና ነው። አባትዎ ከየት ናቸው?»

«ከመተማ።»

«የሚስትዎ እናትስ?»

«ከዲዴሳ።»

«ሁለቱም የወባ አገር ነው፤ ይህ ነገር እዚያ ይበዛል። ሳትዛመዱም ትሸከሙታላችሁ።»

ሽማግሌ ልኬ ከአስካለ ጋር ታረቅሁ። ምሕረት ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላት አረፈች። ሐኪሙ በሽታው ጽኑ ነበር ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ያ ክረምት ግን ከበሽታው አልመጣም፤ ከእኔ ነው። ለወንድሜ እንኳ፣ እሱም ሊሸከመው እንደሚችል እያወቅሁ፣ ከሐፍረት የተነሳ አልነገርኩትም።

ትናንት አስካለ ከጓዳ ሆና «ንገረው» አለችኝ። ነገርኩት። ዳዊት ወረቀቱን አጥፎ ያዘ። «የእሷ ብቻውን ምንም አይልም» አልኩት። «ደምህን ስጥ፤ ከዚያ ሁለታችሁም አብራችሁ የሚያውቅ ሰው ፊት ቁጭ በሉ።» ዛሬ ጠዋት ደሙን ሊሰጥ ሄዷል።

ያ ኩራቴ በመጨረሻ ምን አስከፈለን? ምሕረት ከነበሯት ጥቂት ክረምቶች አንዱን ያለ አባት አሳለፈች። እማማ ጫልቱ እንደተቀየሙኝ፣ ቤቴ እህል ሳይቀምሱ አለፉ። አስካለና እኔ ሌላ ልጅ መውለድ ፈርተን ቀረን። እኔ የሰሰትኩት አንድ መርፌ ደም ነበር።