ከሂልቶፕ እስከ አያሌው ወንበር

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። በረዶው ሄዶ የጎረቤቶቼ የሣር ማጨጃ መጮህ የጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ግን እንጃ። ቀኑ ይጥፋኝ እንጂ መንገዱ አልጠፋኝም። ሂልቶፕ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ተነስቼ፣ ሁለት ባስ ይዤ፣ ማንም ክንዴን ሳይደግፈኝ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ደርሼ ተመለስኩ። እናንተ በየቀኑ ለሥራ የምትመላለሱ ልጆች "ይሄም ጉዞ ተብሎ ይጻፋል?" ትሉ ይሆናል። ታገሱኝ፣ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የሄድኩት ወዳጄን አያሌውን ከወንበሩ ላስነሳው ነው።

አያሌው የቸርች ወንድሜ ነው፣ እኩያዬም ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ጠግነው "አሁን ተነስ፣ ተራመድ" ብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። እሱ ግን ተቀመጠ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፤ እሱም በሚስቱ በእትዬ ጥሩነሽ ትከሻ ነው። እኔ ከእሱ ጥቂት ቀደም ብዬ ወድቄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነበርኩ፤ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ ስመላለስ ኖሬ ወድቄ አላውቅም። የወደቅኩት እዚሁ ኮሎምበስ፣ የራሴ በር ላይ ካለችው ከዚያች አጭር ደረጃ ነው። ጌታ ይመስገን፣ አጥንቴ ተረፈ። ድፍረቴ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲያ ወለሉንም አላምነውም።

በኋላ ከክሊኒክ አንድ ታብሌት ሰጡኝ። ከቲቪው ጎን ይቆማል፤ ዓይን አለው፣ ያየኛል። አንዲት አሜሪካዊት ሴት ትወጣበትና እንቅስቃሴ ታሠራለች። ከጎኗ በመስመር የተሳለ ሰው አለ፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ወደ አንድ ወገን ስዘም መስመሩ ይቀላል፣ ቀጥ ስል አረንጓዴ ይሆናል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ይህማ ቱንቢ ነው አልኩ፤ ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያይባት፣ በገመድ የምትንጠለጠለው ብረት። ስንቱን ቤት ቱንቢ ጥዬ ሳቀና ኖሬ፣ በስተርጅና ለራሴ ተጣለልኝ።

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ልናገርና ሳቁ። እንግዳ ሴት ልትመጣ ነው ብዬ ኮቴን ለብሼ ጠበቅኋት። ብቅ ስትል እንደ ወጋችን "ኖር!" ብዬ ብድግ አልኩ። በእጇ ተቀመጥ አለችኝ። ጨዋ ናት አልኩና ተቀመጥኩ። ወዲያው ደግሞ ተነስ አለችኝ። ተነሳሁ። ተቀመጥ አለች። ተቀመጥኩ። ደግሞ ተነስ!

"ኧረ ይቺን ሴትዮ አሳርፊኝ በያት!" ብዬ ልጄን ጠራኋት።

ልጄ የኪችኑ በር ላይ ሆና ዕንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። "አባዬ፣ ኤክሰርሳይዙ እኮ እሱ ነው! ዩ አር ዱዊንግ ኢት!"

ያኔ አንድ ነገር በራልኝ። ሰው በገባ ቁጥር ብድግ ማለት የአክብሮት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አባቶቻችን እግራቸውንም ሲያጠነክሩ ነው የኖሩት። እኛ ግን ሽበት ሲያወጣን፣ ልጆቹ "ጋሼ፣ አይነሱ፣ አይነሱ" እያሉ ከወንበር ጋር አጣበቁን። በአክብሮት ብዛት ጉልበታችን ሟሸሸ።

ይህን በስልክ ለአያሌው ብነግረው ሳቀብኝ። እሱም ያው ታብሌት ተሰጥቶታል፤ ከካርቶኑ አላወጣውም።

"አንተ ደምሴ፣ የሕፃን ጨዋታ ይዘህ ጎልማሳ ሆንኩ ትለኛለህ? እሑድ እሑድ ልጅህ እንደ እንቁላል ደግፋ አይደል እንዴ ከመኪና የምታወርድህ?"

"ቆይ፣ ታያለህ።"

"በባስ፣ ብቻህን፣ እኔ ቤት ድረስ ና። ያን ቀን እነሳለሁ። እስከዚያው ተወኝ።"

ቀልድ መስሎት ነው የተናገረው። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩበት።

ከቤት ስወጣ

ልጄ ሆም ኬር ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው አባትና እናት ስትደግፍ ትውልና ማታ እኔን ትደግፋለች። ለመሄድ መቁረጤን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ራይድ ልስጥህ፣ አባዬ። ኦፍ ነኝ ዛሬ።"

"ራይድ ከሰጠሽኝ አያሌው አይነሳም።"

"ብትወድቅስ?"

"ብወድቅማ እሱ ለዘላለም ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ አልወድቅም።"

 ከዚያ ጫማዬን አየች፤ ሶሉ የማያንሸራትት መሆኑን በጣቷ ፈተሸች። ስልኬን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችና "እንደደረስክ ኮል አድርግልኝ" አለች። በረንዳው ላይ ቆማ ቀረች። ያቺን ደረጃ ብረቱን ይዤ ወረድኩ። ልቤ ግን ሙሽራ እንደሚያመጣ ሚዜ ትዘል ነበር።

ብሮድ ስትሪት ላይ ብዙ አልቆምኩም። ባሱ መጣና በጎኑ እንደ ግመል ተንበረከከልኝ። ሾፌሯ ወፍራም ጥቁር አሜሪካዊት ናት። "ቴክ ዩር ታይም፣ ፓፓ" አለችኝ። ለሽማግሌ ዋጋው ቅናሽ ነው፤ ካርዴን አስነካሁና ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እስክቀመጥ ድረስም ባሱን አላንቀሳቀሰችውም፤ እግዜር ይስጣት።

በመስኮት የማየው ሁሉ አዲስ ሆነብኝ። ይህን መንገድ ስንት ዓመት በመኪና አልፌዋለሁ፤ ግን በልጄ መኪና ውስጥ ዓይኔ ልጄ ላይ ነው። አሮጌ ጎማ የሚሸጡት፣ ታኮ የሚሸጥባቸው መኪኖች፣ በረንዳቸው ላይ ሶፋ ያወጡ ቤቶች፣ ደግሞ አንዱ ቤት ጭስ ማውጫው ዘሞ፣ ወይኔ፣ ቢፈቅዱልኝ ወጥቼ ባቀናው ያልኩት። ወንዙን ስንሻገር የዳውንታውን ፎቆች ፊት ለፊት ተደረደሩ። እንደ ሕፃን አንገቴን አሰገግኩ።

ዳውንታውን

ሁለተኛውን ባስ ለመያዝ ሃይ ስትሪት ላይ መሻገር አለብኝ። እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። መብራቱ ያሻግርህና ቁጥሩ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። ወጣት ሲሆኑ ቁጥሩን ማንም አያየውም። መሀል ስደርስ ቁጥሩ እያለቀ፣ መኪኖቹም እያጉረመረሙ ነው። ሴትዮዋ በታብሌቱ "ወደ ታች አትይ፣ ወደምትሄድበት እይ" የምትለው ትዝ አለኝ፤ ልጄ ናት የተረጎመችልኝ። ማዶ ያለውን የስቴቱን ምክር ቤት ሕንፃ ትልልቅ ዓምዶች እያየሁ ሄድኩ። ተሻገርኩ! ማንም አላጨበጨበልኝም፣ እኔ ግን ጭብጨባው ተሰምቶኛል።

ብቸኩልም፣ ያንን ሕንፃ ሳልነካው አላለፍኩም። ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ጥፍሬን ላስገባ ብል አልገባ አለኝ። የጠረበው ሰው ዛሬ ስሙም የለ፤ እጁ ግን እዚያ አለ። "እጅህ ይባረክ" ብዬው ወደ ባሴ ሄድኩ።

ሃይ ስትሪት ላይ፣ ከመንገዱ በላይ ቅስት ሆነው የተሠሩ ብረቶች አሉ፤ ባሱ ከበታቻቸው እየሾለከ ሾርት ኖርዝ የሚባለውን ሰፈር አለፈ። ልብስ መሸጫው፣ አይስክሬሙ፣ ውሻ የሚጎትቱ ወጣቶች። ፌርማታዬ ሲቃረብ የማስቆሚያውን ገመድ ስቤ ተነሳሁ። ቀድሜ መነሳት አልነበረብኝም፤ የቸኮለ እግር ነው። አንድ መኪና ድንገት ፊታችን ገባና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

ወገኖቼ፣ መሬት ከሥሬ ሄደች። በዚያች ቅጽበት አያሌው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያረጅ ታየኝ። ብረቱን ለመያዝ የሰደድኩት እጄ አየር ጨበጠ። እግሬ ግን እኔን ሳይጠይቅ ወደ ጎን ሰፋ ብሎ ረገጠ። ልክ እንደዚያ፣ የታብሌቱ ሴትዮ ሳሎኔ ውስጥ "ወደ ጎን ርገጥ፣ ተመለስ" እያለች ስታሰለቸኝ እንደኖረችው። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ "ናይስ ካች!" አለኝ። እንግሊዝኛዬ ጥቂት ነው፣ ይህችን ለመረዳት ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ስወርድ አፌ ብቻውን ይስቅ ነበር።

ዋይንላንድ ፓርክ

ከፌርማታው እስከ አያሌው ቤት አጭር መንገድ ነው፤ ግን የዛፍ ሥር የእግረኛውን ኮንክሪት እያነሳ ጠርዝ አውጥቶለታል። የእግሬን ጣት እያነሳሁ፣ የጡብ ቤቶቹን እያየሁ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ።

እትዬ ጥሩነሽ ከፈቱና አፋቸውን ያዙ። "ጋሼ ደምሴ! በምን መጡ?"

"በእግሬና በባስ፣ እትዬ።"

ከውስጥ የአያሌው ድምፅ መጣ። "ውሸቱን ነው! ልጁ ማዶ መኪና ውስጥ ተደብቃለች። ጥሩነሽ፣ እስቲ ውጪና እይ!"

እትዬ እውነት ወጥተው መንገዱን ግራና ቀኝ አይተው ተመለሱ። "ማንም የለም። ድመት ናት ያለችው።"

ገብቼ ሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆምኩ። አያሌው ትልቅ የቆዳ ወንበር ውስጥ ሰምጧል። ከስቷል። ሲያየኝ ሁለት እጁን ወንበሩ ክንድ ላይ አድርጎ ትንሽ ነቅነቅ አለና "ኖር" አለ። ወጉን ታውቁታላችሁ። እኔ ቶሎ ብዬ "በእግዜር፣ አትነሳ!" ልለው፣ እሱም ተመልሶ ሊሰምጥ ነው።

አላልኩም። ዝም ብዬ ቆምኩ።

"ምነው? አፍህን ቆለፍከው እንዴ?"

"ኖር ብለኸኛል። እየጠበቅሁህ ነው።"

"ይሄ ሰው ባለጌ ሆኗል፣ ጥሩነሽ!"

"ቃልህን ነው የጠበቅሁት። ሐኪሙ ተነስ ብሎሃል ወይስ አላለህም?"

"ብሏል።"

"እንግዲያው እኔም አልቀመጥም።"

እትዬ ከብብቱ ሊይዙት ሮጡ። "እትዬ፣ አይያዙት" አልኳቸው። "መራመጃ ብረቱን፣ ዋከሩን፣ ፊቱ ያድርጉና እጅዎን ዘርግተው ከጎኑ ይቁሙ። ከወደቀ ይይዙታል፤ ካልወደቀ የራሱ ነው።" ለእሱም ያወቅሁትን ነገርኩት፤ ወደ ወንበሩ ጫፍ መጠጋቱን፣ እግሩን ወደ ኋላ መሳቡን፣ አፍንጫውን ከእግሩ ጣት በላይ ማሳለፉን።

ሞከረ። ግማሽ ደርሶ ተመልሶ ወደቀ፤ ወንበሩ ተንጫጫ። ሰደበኝ። የአባቴንም ስም ጠራ። ዓይኑ ውስጥ ግን ፍርሃቱን አየሁት፤ አውቀዋለሁና፤ በእኔም ዓይን ውስጥ ኖሯል።

"አያሌው" አልኩት ዝቅ ብዬ፣ "ዛሬ ባሱ ውስጥ ልወድቅ ነበር። እግሬ ያዘኝ። የሰው እጅ አይደለም፣ የገዛ እግሬ።"

 ከዚያ አፍንጫውን ወደ ፊት ሰደደ፣ ወንበሩን በእጁ ገፋ፤ ተነሳ። ቀጥ አላለም፤ ታብሌቱ ቢያየው በቀላ ነበር። ግን ቆሟል! ዋከሩን ያዘ፣ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ረጅም ሰው መሆኑን ረስቼው ነበር።

"በእግዜር!" አልኩት።

"አሁን ነው የምትለው?!" ብሎ ጮኸ፤ ሦስታችንም ሳቅን። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸው እንደተዘረጋ፣ ምንም ሳይዙ፣ እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። ቆሞ እንዳለ ትከሻ ለትከሻ ሰላም ተባባልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስታ ነው። ጎመንና አይብ ቀረበ። ታብሌቱ ከካርቶኑ ወጣ። ሴትዮዋ ስትመጣ አያሌው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና "ይቺንም ኖር ልበላት?" አለኝ።

"እስክትሰለች ድረስ በላት" አልኩት።

ወደ ቤት

ስመለስ በነዚያው ባሶች ነው፤ አሁን ግን ባሱ እስኪቆም ድረስ ካልተነሱት ነኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም፣ ለእኔ ግን በቂ ነው። ሽማግሌ ስታከብሩ ቁጭ አድርጋችሁ ብቻ አታክብሩን። እንድንነሳ ታገሱን፣ እጃችሁን አዘጋጁ፣ አትቸኩሉ። መሣሪያው ጎበዝ ነው፣ መዝመሜን ያሳየኛል። ስዘም ሳይጮህ ከኋላዬ የሚቆም ሰው ግን ሌላ ነው።

ሂልቶፕ ስደርስ ፀሐይዋ በብሮድ ስትሪት ጫፍ አዘቅዝቃ ነበር። ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ደርሼም ኮል ማድረግ ረስቼ ነበርና ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች። አትነሺ አላልኳትም። ልትሮጥ ፈለገች፤ እግሯ ተነሳ፣ ግን ራሷን ያዘች። ቀኑን ሙሉ ሰው መያዝ ሥራዋ ለሆነች ልጅ፣ ከዚህ የከበደ ሥራ እንደሌለ አውቃለሁ። እጇን ዘርግታ ደረጃው አናት ላይ ቆመች። የወደቅኩባትን ያቺን ደረጃ ብረቱን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

"ተነሳ?" አለችኝ።

"ተነሳ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ሳሎኔ ውስጥ፣ ሳትነካኝ፣ እጇን ዘርግታ ከኋላዬ የቆመችው እሷ ናት። ሂሩት ትባላለች፤ ሂሩት ደምሴ።