የባለጎመኗ ገመድ

ባለጎመኗ ልጇን በገመድ ታስራለች የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ እውነት ነው። እኔ አጥር የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። ወሬኞቹ ግን የሚያወሩት ስለ ገመዱ አንድ ጫፍ ብቻ ነው። ሌላው ጫፍ የት እንደታሰረ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መጣሁ እንዳለ ቀረ። ባለጎመኗም ሕፃን አዝላ እርሻውን ብቻዋን ያዘችው። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ጥግ ላይ ደግሞ ትንሽ ቃሪያ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ሳለች ሁሉም ሰላም ነበር፤ እግር ስታወጣ ነው ጉድ የፈላው። ልጅቷን ቁንዶ የምንላት በከንቱ አይደለም፤ እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ናት፣ ታቃጥላለች። እናቷ ጎንበስ ስትል ወይ ችግኝ ትነቅላለች ወይ ወደ ቦዩ ትሮጣለች። ቦዩ የሁላችን መስኖ የሚያልፍበት ነው፤ ለአዋቂ ወገብ ይደርሳል፣ ዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። አንድ ቀን ከአፋፉ ላይ በቀሚሷ ይዤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። እናቷ አልጮኸችም። ቤት ገብታ ገመድ አመጣች።

አንዱን ጫፍ በልጇ ወገብ፣ ሌላውን በራሷ ወገብ አሰረች። ቦዩ አጠገብ ስትሠራ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ታሳጥረዋለች፣ ስትርቅ ትለቀዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ገመዱ እየተጎተተ የካሮቱን ቡቃያ ጠራርጎ ጨረሰው። ገመዱን የምትተወው መስሎን ነበር። እሷ ግን የአትክልት መደቦቹን አፍርሳ መሃል ላይ ሰፊ መንገድ አወጣችና ገመዱ በዚያ እንዲሄድ አደረገች። ያን ያህል መሬት ለገመድ ብለን ሳቅንባት። ሳቃችንን ከቁብ አልቆጠረችውም። ቃሪያውን የምትለቅመው ደግሞ ቁንዶ ስትተኛ ነው፤ አንዴ ዓይኗን አሽታበት አገር ምድሩን በለቅሶ አናውጣዋለች።

ወሬው ከተማ ደረሰና የባለጎመኗ ታላቅ እህት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ አንደበቷም እንደ መቀሷ ነው። ልጅ እንደ ጥጃ ታስሮ አያድግም፣ ትምህርት ቤት እስክትገባ እኔ ጋ ትሁን፣ ዛሬውኑ ነው የምወስዳት አለች። ባለጎመኗ መኮትኮቷን አላቆመችም። እህት ሄዳ የቁንዶን ወገብ ልትፈታ ጎንበስ ስትል ግን ዶማው ቆመ።

«እትዬ፣ መፍታት ከፈለግሽ ከኔ ወገብ ጀምሪ።»

እህት እልኸኛ ናት፤ መጣችና ጀመረች። ቋጠሮው በውሃና በጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ባለጎመኗ እጆቿን ከፍ አድርጋ ቆመችላት፤ አላገዘቻትም፣ አልከለከለቻትምም። ቁንዶ ጨዋታ መስሏት ከወዲያ ጫፍ ትጎትታለች፣ ቋጠሮው ይብስ ይጠብቃል። የእህት ጥፍር ተሰበረ። ቢላ ስጪኝ አለች።

ባለጎመኗ ሰላጣ የምታጭድበትን ማጭድ አንስታ ሰጠቻት።

እህት ስለቱ ሥጋ እንዳይነካ የባለጎመኗን ሹራብ ገለጥ አደረገች። ገመዱ የዋለበት ቦታ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ ቆዳው እንደ ተረከዝ ደድሯል። እኔም አጥሩ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ጎረቤቷ ሆኜ ይህን አለማወቄ አናደደኝ። እህት በጣቷ ነካችው። ከዚያ ማጭዱን ዝቅ አደረገች።

«አልቆርጠውም» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ሰላጣውን ቁረጪበት። ሰላጣ የሚረከበኝ ነጋዴ እየመጣ ነው፤ እኔም ልጄም የትም አንሄድም።»

እትዬ ጫማዋን አውልቃ የሰላጣው መደብ ውስጥ ገባች።