ዘመድ ያለው ሞተር

አያቴ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት «ዘመድ አለው?» ይሉ ነበር። ለሰፊው ግቢያችን የሣር ማጨጃ ሞተር ልንገዛ ገንዳ ውሃ ከተማ ስንሄድ፣ እኔ ድምፁ ለስለስ ያለውን ባለቤንዚን መረጥሁ። እሳቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቤንዚን እዚህ አገር ባይተዋር ነው። ናፍጣ ግን ትራክተሩም የጭነት መኪናውም ዘመዱ ነው» ብለው ያንን የሚያጓራውን ባለናፍጣ አስጫኑ።

ሰሞኑን ለተዝካራቸው ግቢውን ሳጭድ ናፍጣ አለቀብኝ። ከመተማ መጥቶ በደጃችን የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩ መቆሙን አይቶ፣ ሳልጠራው ጀሪካን ይዞ ወረደ። ቀድቶልኝ ሲያበቃ በር ላይ ያለውን ባዶ መደብ እያየ፣ «አባባ ዛሬ ውሃ አያጠጡኝም?» አለኝ። ማረፋቸውን አልሰማም ኖሯል።

ነግሬው፣ ውሃውን እኔ ቀድቼ ሳቀርብለት፣ ናፍጣ ያን ሁሉ ዘመድ ከየት እንዳገኘ ገባኝ።