በሁለተኛው ረድፍ የወጣው እጅ

ይህን ታሪክ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ባለታሪኩ በሕይወት ያለ፣ በየሳምንቱ መንገድ ላይ ሰላም የምለው ሰው ነው፤ የጎረቤትን ገመና ወደ አደባባይ ማውጣት ደግሞ ለእኔ ቢጤው ጀማሪ የሚያምር ሥራ አልመሰለኝም። እርሱ ራሱ ግን «ከጻፍከው አታሳምረው» አለኝ። ላለማሳመር እሞክራለሁ።

ኸይረዲን በከሚሴ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ በምትገኝ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግናል። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከጨፋ እስከ ሰንበቴ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ክር የምትበጥስ መኪና ስታስቸግራቸው ወደ እርሱ ይልካሉ፤ እርሱም መርፌዋን አውጥቶ በጣቱ ጫፍ ይዳስስና ባለቤቷ አስረድቶ ሳይጨርስ ሕመሟን ያውቀዋል። የከተማው የኢላማ ተኩስ ክበብ ሁለት አሮጌ የአየር ጠመንጃዎችም እስከ ዛሬ የሚተኩሱት በዚችው እጁ ነው። የላላ ሞላቸውን ሲቀይር፣ የዛገ ምላጫቸውን ሲሞርድ ኖሮ ሳያስበው የክበቡ ጸሐፊ ሆነ።

የክበቡ አባላት ከዐሥራ ሁለት አይበልጡም። ጠመንጃዎቹ በወጣት ማዕከሉ መጋዘን ተቆልፎባቸው ያድራሉ። በዚህ ዘመን ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ መንገድ ላይ መታየት ለማንም አይበጅምና፣ የስፖርት ዕቃ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ በየሦስት ወሩ ከፖሊስ ይታደሳል። መንገዱ ሲዘጋ ልምምዱም ይዘጋል። አባላቱ ይህን ሁሉ ችለው ይኖሩ ነበር። ሊችሉት ያልቻሉት የዳኛ ነገር ነበር።

በአገር አቀፉ የኢላማ ተኳሾች ኅብረት ደንብ መሠረት፣ ለብሔራዊ ምርጫ የሚቀርብ ውጤት ኅብረቱ የላከው ዳኛ በቦታው ተገኝቶ ሊፈርምበት ይገባል። ከሚሴን ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ዳኛ አልረገጣትም። ደብዳቤ ሲልኩ «ደርሶናል» ይባላሉ፤ ሲደውሉ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሌላው ሁሉ ቢቀር የፋኢዛ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። ፋኢዛ አባቷ በጨፋ ማሽላ የሚያርሱ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በዚያ ሰደፉ በገመድ በተጠፈረ ጠመንጃ ከስድስት መቶ ነጥብ አምስት መቶ ሰባ አንድ አምጥታለች። የወጣቶች ምርጫ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆኑት ነውና ለእርሷ የቀራት ይኸው ዓመት ብቻ ነበር። ውጤቷ ግን ዳኛ ያልፈረመበት ወረቀት ሆኖ በኸይረዲን መሳቢያ ውስጥ ተከማችቷል።

ኅብረቱ በጥር ወር ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ክበቡ ደብዳቤ አረቀቀ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ የወጣቶች ምርጫ በሚያዝያ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ዳኛ ለአንድ ቀን ይላክልን። ቆሞ እንዲያነበው ኸይረዲን ተመረጠ።

አውቶቡሱ ድረስ የሸኘው አብሮ አደጉ ቶፊቅ ነበር። ቶፊቅ በሰንበቴ የከብት ደላላ ነው፤ በክበቡ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያወራና ከሁሉ ይበልጥ ኢላማ የሚስት።

«አደራ ኸይሩ፣» አለው፣ «ጥርሱን ሳታይ ለበሬ እጅህን እንዳትዘረጋ። ገበያ ላይ መዳፍ ከተማታህ ወዲያ በሬው ዕውር ቢሆንም ያንተ ነው።»

«ወደ ጉባኤ እንጂ ወደ ገበያ መች ሄድኩ፣ አቦ?»

«በሬ የሌለበት ገበያ ነዋ። ብቻ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ኸይረዲን ስቆ ተሳፈረ።

አዲስ አበባ ሲደርስ በአዳራሹ ሁለተኛ ረድፍ፣ ስሙ በታተመበት ወረቀት ፊት አስቀመጡት። ሰብሳቢው ጉባኤውን ሲከፍቱ «በአስቸጋሪ መንገድ ተጉዘው የመጡትን የከሚሴ ወንድማችንን በጭብጨባ እንቀበላቸው» አሉ። ተጨበጨበለት። ምሳ ተጋበዘ። የኅብረቱ ዓርማ ያለበት ሰማያዊ ቱታም ተሰጠው። ደብዳቤውን መቼ እንደሚያነብ ሲጠይቅ «ልዩ ልዩ በሚለው አጀንዳ፣ መጨረሻ ላይ» አሉት።

ከምሳ በኋላ የዓመቱ ሪፖርት ተነበበ። ዐሥራ አራተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኅብረቱ በሁሉም አባል ክበባት ዳኞችን ያሰማራ ሲሆን፣ በከሚሴ ሁለት ጊዜ ውድድር ተዳኝቷል።» ኸይረዲን ጆሮውን ተጠራጠረ። ገጹን ገልጦ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። ተጽፏል።

«ሪፖርቱን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አሉ ሰብሳቢው።

የፊተኛው ረድፍ እጅ በሙሉ ወጣ። የግራና የቀኙም ወጣ። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ወደ ኸይረዲን ተመለከቱ። በዚያች ቅጽበት በልቡ ያለፈውን ኋላ ሲናገር ማመካኛ አልጨመረበትም፤ እህላቸውን በልቶ፣ ጭብጨባቸውን ተቀብሎ፣ ልብሳቸውን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ብቻውን እጁን ማጠፍ አፈረ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ እንዳይባል ፈራ። ለደብዳቤው እንደሆነ ጊዜው ይመጣል ሲል ራሱን ሸነገለ። ያቺ መርፌ ዳስሳ ሕመም የምታውቅ እጅ ወጣች።

«የሚቃወም? ድምፀ ተዓቅቦ? እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ልዩ ልዩ የሚለው ተራ ሲደርስ ሰዓት አልቋል ተባለ። ደብዳቤው ከኪሱ ሳይወጣ ከሚሴ ተመለሰ።

እሑድ ልምምድ ላይ ሁሉም ከበቡት።

«አካም ጅርታ፣ ኸይሩ?» ሲል ሰላም አለው ቶፊቅ። «በሬው ስንት ጥርስ አለው?»

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤው ደርሷል፤ ተቀብለውናል።»

«አላህ ኸይር ይክፈልዎት፣ ጋሼ» አለች ፋኢዛ። ያን ዕለት የወትሮ ቁጠባዋን ትታ ጥይቱን ተኩሳ ጨረሰችው።

ቱታውን በሱቁ ውስጥ በአንዲት የተበላሸች የስፌት መኪና ሳጥን ሥር ደበቀው። ባለቤቱ ሰሊማ ስትጠርግ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ አዲስ ልብስ ከመኪና ጋር ምን አስተኛው?»

«ይጠበኛል።»

«ሳትለካው ነው የጠበበህ?»

ኸይረዲን ወደ ሥራው አጎነበሰ። ሰሊማም አጣጥፋ ካነሣችበት መለሰችው፤ ነገር እንዳለ ገብቷታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጉባኤው ቃለ ጉባኤ በስልክ ለአባላቱ ተላከ። ልምምዱ መሐል ላይ ፋኢዛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ጀመር።

«ጋሼ፣ ከሚሴ ሁለት ጊዜ ዳኛ መጥቷል ይላል እኮ። ሲመጣ እኔ የት ነበርኩ?»

«እንቅልፍ ላይ» አለ ቶፊቅ። «እኔማ አይቼዋለሁ። በግመል ተቀምጦ በባቲ በኩል ነው የመጣው። ጥላም ይዞ ነበር።»

ሳቁ። ፋኢዛም እየሳቀች ቀጠለች፦ «ሪፖርቱ የከሚሴን ተወካይ ጨምሮ በተገኙት አባላት ሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» የመጨረሻውን ቃል ስታነብ ሳቋ አብሯት አልነበረም።

ኸይረዲን የያዘውን የኢላማ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እጄን አውጥቻለሁ» አለ። «ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያወጣሁት። ደብዳቤውንም አላነበብኩትም፤ አልሰጠኋቸውምም። ይኸው።» ከደረት ኪሱ አወጣው፤ መታጠፊያው ከላብ የተነሣ ሊበጠስ ደርሷል። «አፉ በሉኝ።»

«እኔን አፉ በለኝ አትበለኝ» አለ ቶፊቅ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መዳፍ የተማታኸው በእሷ በሬ ነው።»

ሁሉም ወደ ፋኢዛ ዞሩ። እርሷ ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ መለሰች።

«ጋሼ፣ እርስዎን የመረጥነው ንግግር ስለሚያውቁ አልነበረም» አለች። «እጅዎ ስለማይንቀጠቀጥ ነበር።» ከዚያም ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ኸይረዲን በማግስቱ በገዛ ስሙ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ሐሰት መሆኑን ለሚያውቀው ገጽ እጁን እንዳወጣ፣ ከሚሴ ዳኛ መጥቶ እንደማያውቅ፣ ቃለ ጉባኤው ታርሞ ዳኛ እንዲላክ ጻፈ። ሱቁን ዘግቶ በአውቶቡስ ራሱ ወሰደው፤ ቱታውንም አብሮ መለሰ። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መጣ፦ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የሚታረመው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በዓመቱ ሁለት ጊዜ ዳኛ ለተላከለት ክበብ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ቅድሚያ አይሰጥም። መልሱን ለአባላቱ ቆሞ አነበበላቸው፤ አንዲት ቃል አልዘለለም። ሚያዝያ አለፈ። በሰኔ ፋኢዛ ሃያ አንድ ዓመት ሞላት።

በሐምሌ መጀመሪያ ጠመንጃውን ይዛ ከወጣት ማዕከሉ ዘበኛ ጋር ወደ ሱቁ መጣች። «ሞላው ላልቷል» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም። ኸይረዲን ሥራውን ሁሉ ትቶ ጠገነው። ስትቀበለው አመሰገነችው፤ «ጋሼ» ግን አላለችውም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ማን እንደሚላክ ክበቡ ገና አልወሰነም። ኸይረዲንም ልላክ ብሎ አልጠየቀም።

ፋኢዛ አንድ ዳኛ ይገባት ነበር። ኸይረዲን የደረሰበት ወቀሳ ይገባዋል፤ ያንኑ ደብዳቤ ይዞ እንደገና መላክም ይገባዋል።