ጦሩ የሚከብደው ጦረኛ

ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤታችን ሲከፈት ሐይቅ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። ወንበሩ ሁሉ ተማግዶ ስለነበር ተማሪዎቼ ከቤታቸው ባመጡት የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ለወላጆች በዓል የሚታይ ድራማ እንዲጽፉ ባዘዝኩ ጊዜ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል በእግሯ የምትመጣ አንዲት ልጅ ያልጠበቅሁትን ይዛ መጣች። እልኸኛነቷን አውቅ ነበር፤ ተሳስቼ ማርክ ባበዛላት እንኳ መጥታ የምታስቀንስ ልጅ ናት።

የድራማዋ ጀግና ከሐይቁ ውስጥ የወጣ ጦረኛ ነው። ከሐሰት ጋር በቆመ ቁጥር ጦሩ ይከብደዋል፤ ማንሳት ያቅተዋል። መጀመሪያ የንጉሡ ጠባቂ ይሆናል። ንጉሡ የአንዲት ባልቴት መሬት ሲነጥቅ ጦሩ ይከብደውና ጌታውን ትቶ ከባልቴቷ ጋር ይሰለፋል። የባልቴቷ ወገኖች አሸንፈው የንጉሡን አሽከሮች ቤት ከነልጆቻቸው ሊያቃጥሉ ሲነሱ ደግሞ፣ ዞሮ በአሽከሮቹ ደጃፍ ይቆማል።

አንብቤ ፈራሁ።

"ልጄ፣ የሕዝቡ ቁስል ገና አልደረቀም። አንዱን ወገን ይያዝና ይጨርስ" አልኳት።

"አይሆንም ቲቸር። እሱ እኮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሚዞሩት እነሱ ናቸው።"

"እሺ፣ ቢያንስ ንጉሡን ይማረው።"

"ባልቴቷ ሳትምረው እሱ ምን አግብቶት?"

ተረታሁ።

በበዓሉ ቀን ጦረኛውን ራሷ ሆና ተጫወተች፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ የአባቷን ጋቢ አደግድጋ። ከባልቴቷ ጎን ስትሰለፍ ሕዝቡ አጨበጨበ። ወደ አሽከሮቹ ደጃፍ ስትዞር ግን ግቢው አጉረመረመ። በጦርነቱ ቤታቸው የተቃጠለባቸው አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

"ምን ዓይነቱ ወላዋይ ነው! የበላበትን ወጭት ሰባሪ!"

ድራማውን ላስቆም ስነሳ ልጅቷ ጦሯን ዝቅ አደረገች።

"አባባ፣ የእርስዎ ቤት ሲቃጠል ደጃፍዎ ላይ የቆመልዎ ሰው ነበር?"

"ወላሂ አንድም አልነበረ!"

"ቢኖርስ ኖሮ፣ የማን ወገን ነህ ብለው ይጠይቁት ነበር?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ።

"አልጠይቀውም" አሉና ተቀመጡ። "በይ ቀጥይ።"

ቀጠለች። እኔ ግን እንባዬ እያስቸገረኝ መጨረሻውን በደንብ አላየሁትም።

ድራማውን ውጫሌም ወስደን አሳየነው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው "ከዳተኛ ነው"፣ "አይደለም" ሲባባሉ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ።

"ቆዩ እስቲ፣ ንጉሡን ሲተወው ነግሮት ነው ወይስ ሹልክ ብሎ?"

"ፊት ለፊት ነግሮት ነው!" አለች ልጅቷ ከኋላ ወንበር።

"እንዲያማ ከሆነ ከዳ አይባልም" አለና ወደ እኔ ዞር አለ። ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ቀን አፌ ቸኩሎ አያውቅም፤ የማን ድርሰት እንደሆነ ሳይጠይቀኝ "የእኔ ተማሪ ናት የጻፈችው" አልኩት።