ከወንበር ላይ የሚታየው ኩሬ

ይታየው የፍሳሽ ሽታ አይችልም ነበር። የሚችል ሰው ብዙ የለም፤ የእሱ የከፋው ግን የቀጋ ውሃ ከተማ የውሃና ፍሳሽ ኃላፊ ስለነበረ ነው። በስማዳና በጋይንት መካከል ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ ለብዙ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሹመቱ ሲመጣለት ንጹሑን ውሃ ብቻ አስቦ እሺ አለ።

ከጤና ጣቢያው፣ ከመናኸሪያው ሽንት ቤትና ከሆቴሎቹ የሚወርደው ፍሳሽ በቱቦ ተጉዞ ከከተማዋ በታች ወዳለ ኩሬ ይገባል። አጠገቡ ሌላ ኩሬ ለመጠባበቂያ ተቆፍሮ ነበር፤ ነገር ግን ቱቦ ሳይደርሰው፣ ወለሉም ሳይለሰን ስለቀረ ዝናብ እንኳ አይቋጥርም። በጎች ይግጡበታል። የኃላፊው ሥራ በየጊዜው ወርዶ ኩሬውን ማየትና ሳይሞላ የመምጠጫ መኪና ማስጠራት ነበር። ይታየው አንድ ጊዜ ወረደ፤ ቁርሱን እዚያው ትቶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም።

በኋላ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄደ። አሠልጣኙ «ዛሬ ፍሳሽን ከቢሮ ሳይወጡ መከታተል ይቻላል» ሲል ይታየው እንባው መጣ ይባላል። እንደተመለሰ ስብሰባ ጠራ።

«የርቀት መቆጣጠሪያ መግዛት አለብን» አለ።

«የቴሌቪዥኑ ጠፋ እንዴ?» አለች የግዢ ሠራተኛዋ ብርቱካን።

ከተግባቡ በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱ ይታየው፣ ብርቱካንና የነዋሪው ተወካይ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነበሩ። መሪጌታ በቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው፤ ስለ ፍሳሽ ግን ተጠይቀው አያውቁም።

መጀመሪያ የቀረበው ሻጭ ሥዩም ይባላል። በሚኒባስ መጥቶ ከፌስታል ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ ኳስ አወጣ።

«ፍሳሹ ከፍ ሲል ይቺ አብራ ከፍ ትላለች። ያን ጊዜ ስልክዎ ላይ መልእክት ይደርስዎታል።»

«ከዚያስ?» አለ ይታየው።

«ከዚያማ ይወርዳሉ።»

ሥዩም በዚህች ቃል በጨረታው ተሸነፈ።

ሁለተኛው ሻጭ ሙሉ ልብስ ለብሶ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። የከተማዋን ካርታ በቀለም አሳያቸው። ኩሬው ሲሞላ በር የሚያህል ስክሪን ላይ ቀይ ይበራል፤ ካልሞላ አረንጓዴ ነው።

«መውረድስ?» አለ ይታየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መውረድ ያለፈበት አሠራር ነው።»

ብርቱካን ላፕቶፑ ከዕቃው ጋር ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀች። ይሰጣል ተባለች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ድምፅም ከርቀት ያስተላልፋል? የደብራችን ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶብናል።»

«የማያስተላልፈው የለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያውስ የተባረከ ዕቃ ነው» አሉ መሪጌታ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

መሣሪያውን የሚተክሉት ሠራተኞች ሰኔ ላይ መጡ። ይታየው ከላይ ከጉብታው ቆሞ፣ በጋቢው አፍንጫውን ሸፍኖ፣ «እዚያ! እዚያ ጋ!» እያለ በእጁ አመለከተ። ሰዎቹ ወደታች ሲያዩ ሁለት ኩሬ አለ። አንዱ ይንተከተካል፤ ሌላው ላይ ሣር በቅሏል። ማንም ጤነኛ ሰው የሚመርጠውን መረጡ።

ሐምሌ በሙሉ ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር። የይታየው ዝና ንፋስ መውጫ ከተማ ደረሰ፤ በነሐሴ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተሞክሮ ሊቀስሙ እንግዶች መጡ። የቡድኑ መሪ ወይዘሮ ምሥራቅ ትባላለች። ይታየው በቀጭን ዱላ ስክሪኑን እየነካ ሲያስረዳ በሩ ተበርግዶ ወይዘሮ አመተ ማርያም ገቡ። ከኩሬው ግርጌ ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙ ባልቴት ናቸው። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቧል።

«አንተ ልጅ፣ ኩሬህ ማሳዬን ዋጠው!»

«እናቴ፣ ይረጋጉ። ኩሬው ባዶ ነው። ይኸው፣ አረንጓዴ ነው።»

ስክሪኑን አዩት፤ እግራቸውንም አዩት።

«ባዶ ከሆነ ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«የዝናብ ጭቃ ይሆናል።»

«እንካ አሽትተው!» አሉና እግራቸውን አነሱለት።

እንግዶቹን ሊቀበሉ የተገኙት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አየሩ እንዲሻል ብለው መስኮቱን ከፈቱ። ያኔ ከውጭ የገባው ሽታ ከውስጡ ባሰ። ምሥራቅ ተነሣች። «ወርደን እንየው» አለች።

ይታየው እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። ታች ሲደርሱ ማሳው በሙሉ ተጥለቅልቋል። ሣር በበቀለበት ኩሬ ውስጥ፣ በጎቹ መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ቆሟል።

«ያ ምንድን ነው?» አለች ምሥራቅ።

«እሱ ነው ኩሬውን የሚቆጣጠረው።»

«እኔ የማየው በጎቹን ሲቆጣጠር ነው።»

ይታየው ሊያስረዳ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። መሬት መስሎት የረገጠው የደረቀ የፍሳሹ ቅርፊት ነበርና እስከ ወገቡ ሰመጠ። እንግዶቹ ወደኋላ ሸሹ። በትራቸውን የዘረጉለት አመተ ማርያም ናቸው።

«ያዝ፣ አይዞህ። እኛማ ለምደነዋል።»

ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተነቅሎ ወደ ትክክለኛው ኩሬ ተዛወረ። ስክሪኑ ወዲያው ቀላ፤ ቀልቶም ቀረ። ቀይ ነገር ለእንግዳ ደስ ስለማይል ወደ መጋዘን ተወሰደ። ይታየው ወደ ባህልና ቱሪዝም ተዛወረ። በመንገድ ሲያልፍ ሰው ሁሉ «ታየው ወይስ አልታየውም?» እያለ ይሥቅበት ነበር፤ ይህ ከሽታው በላይ አመመው።

በመስከረም አመተ ማርያም ቤት ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። አስቀመጡት፤ ቆሎ አቀረቡለት።

«አሁን ማን ነው የሚወርደው?» አሉት።

«አዲሱ ኃላፊ ነው።»

«ወረደ?»

«ኮሚቴ አቋቁሟል።»

አመተ ማርያም አልሣቁም፤ አልተቆጡምም። ቆሎውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለትና፣ ማሳውን ትተው ወገዳ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ቢገቡ ይሻል እንደሆነ ያማክሩት ጀመር። ይታየው ቆሎውን በመዳፉ እንደያዘ አዳመጣቸው።