ጋሽ ይመር ኮፈኑን ሳይከፍቱ መኪና ፈተሹልኝ

ዛሬ የአምባሰልን ቁልቁለት ስንወርድ፣ ልገዛት ያሰብኳት አሮጌ መኪና ፍሬን እምቢ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ወለል ድረስ ሰመጠ።

አልሐምዱሊላህ፣ መሪውን የያዙት ጋሽ ይመር ነበሩ። ከመነሻው በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ ይወርዱ ስለነበር፣ በእጅ ፍሬን ይዘው ዳር አቆሟት።

ጋሽ ይመር ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና የነዱ። ጠዋት ሐይቅ ላይ መኪናዋን ሳሳያቸው ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም።

"መጀመሪያ ይቺን ዓይነት የያዙ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ምን ብለው እንዳማረሩ አንብብልኝ" አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ሦስት ባለቤቶች "ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ይከዳል" ብለዋል።

"ታዲያ ሜዳ ላይ ምን እንፈትሻለን? ቁልቁለት እንውሰዳት እንጂ!"

(እኔ እስከዚያ የፈተሽኩት ሬድዮዋን ነው። በጣም ጥሩ ይሠራል።)

መኪናዋ ዳር ስትቆም ሻጩ ከኋላ ተቀምጧል። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ወላሂ ከከተማ አርቄ ነድቻት አላውቅም" አለ። "ገዢ ባላገኝ እሑድ ልጆቼን ጭኜ ለሠርግ መርሳ ልወርድባት ነበር።" ወርዶ የጋሽ ይመርን እጅ ሳመ።

"አብሽር፣ ፍሬን ይጠገናል" አሉት። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ ደግሞ ከነዚያ ሰዎች ጽሑፍ ሥር የዛሬውን ጻፍ። እነሱ 'ምን አገባኝ' ብለው ቢተዉት ኖሮ እኛ በምን እናውቅ ነበር?"

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ጻፍኩ።

እናንተንስ መኪናችሁ አስደንግጣችሁ ታውቃለች? እዚህ ሥር ጻፉት። የማታውቁት ሰው ልጆቹን ከመጫኑ በፊት ያነበው ይሆናል።